«ፋይሉ የታለ?» የማርጆሪ ቴይለር ግሪንና የትራምፕ ጠብ ከአባዶ ሲታይ

ዶናልድ ትራምፕ ድጋፉን ከራሱ ፓርቲ ሰው፣ ከጆርጂያዋ ሪፐብሊካን የምክር ቤት አባል ከማርጆሪ ቴይለር ግሪን ላይ ያነሳው ኖቬምበር 14 ቀን 2025 ማታ ነው። በራሱ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ያበደች ሴት አድርጎ ጻፈባት። ወዲያው ደግሞ ስሟን አጣሞ «ከሃዲ» አላት። በሳምንቱ ሴትየዋ የምክር ቤት ወንበሯን እንደምትለቅ በቪዲዮ አስታወቀች።

ነገሩን ከሩቅ ለሚያይ ሰው የፖለቲከኞች ጠብ ነው፤ ዛሬ ይጣላሉ፣ ነገ ይታረቃሉ። ግን ግሪን እንደ ሌሎቹ ደጋፊ አልነበረችም። ጃንዋሪ 2021 ምክር ቤት የገባችው «ትራምፕ አሸነፈ» የሚል ማስክ አድርጋ ነው። 2023 ላይ ትራምፕ ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ደጅ ወጥታ የጮኸችለትም እሷ ነች። የሰውዬው ጠላት ጠላቷ፣ ወዳጁ ወዳጇ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። አንቱታውን ደግሞ ለሁለቱም ትቼዋለሁ። ሰፈራችን ውስጥም «እሳቸው» የሚላቸው ሰው አልሰማሁም።)

ሰፈራችን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከመገናኛ ታክሲ ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ፣ ከተማው አልቆ ለገጣፎ ሊጀምር ሲል። የአሜሪካ ፖለቲካ እዚህ ድረስ ምን ያመጣዋል የሚል ካለ ብሎካችንን አያውቅም ማለት ነው። ልጇ አትላንታ ያለች እናት አለች። ዲቪ በየዓመቱ የሚሞላ አለ። ትራምፕ የሚሉት ስም ደግሞ 2020 ላይ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብሎ ከተናገረ ወዲህ እዚህ ማንም የማይረሳው ስም ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የሴራ ወሬ እዚህም ቤቱ ነው። ኢሉሚናቲው፣ ሦስቱ ስድስት፣ ስምንተኛው ሺህ፣ ክትባት ውስጥ አለ የተባለው ቺፕ፣ ሁሉም በቴሌግራም ብሎካችን ደርሷል። ራይድ የሚሠራ አንድ ወጣት ጎረቤት አለኝ፤ መኪና ውስጥ ሲውል የሚያዳምጠው ይህንኑ ነው። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ደግሞ ከሥሩ ይኖራሉ፤ ሬዲዮ እንጂ ቴሌግራም አይነኩም። እሑድ እሑድ ቡና የሚፈላው ልጇ አትላንታ ካለችው እትዬ ጋ ነው። የግሪን ነገር የተነሳው እዚያ ነው። የራይዱ ልጅ ስልኩን እያሳየ እንዲህ ሲል ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ግን እዚህ ውስጥ ማን ነው ማንን የከዳው?»

መምህሩ «አንተ ንገረኝ እንጂ፤ የአንተ ሰዎች አይደሉም?» አሉት። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ኪው የሚባለው ሰውዬ

ኦክቶበር 2017 ላይ ፎርቻን በሚባል ድረ ገጽ ስሙን ያልገለጸ ሰው መጻፍ ጀመረ። ራሱን «ኪው» አለ። ከፍተኛ የመንግሥት ምስጢር የማየት ፈቃድ አለኝ የሚል ነው። ከመጀመሪያዎቹ መልእክቶቹ አንዱ ሂላሪ ክሊንተን ልትታሰር ነው የሚል ነበር። አልታሰረችም። ተከታዮቹ ግን አልቀነሱም፤ በዙ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዓለምን የሚመሩት ሰይጣን የሚያመልኩና ሕፃናትን የሚደፍሩ ባለሥልጣናት፣ ባለሀብቶችና አርቲስቶች ናቸው። ትራምፕ እነዚህን ሰዎች በድብቅ እየተዋጋቸው ነው። አንድ ቀን «ማዕበሉ» ይመጣል፣ ሁሉም ይታፈሳል። እስከዚያው ሥራችሁ ማመንና መጠበቅ ነው። መምህሩ ይህን ሲሰሙ «ስምንተኛው ሺህ ኮት ለብሶ» ብለው ሳቁ። እውነት አላቸው፤ ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ ቀን ይመጣል የሚል ተስፋ እኛም እናውቀዋለን። ልዩነቱ፣ በዚህኛው ፈራጁ እጩ ተወዳዳሪ መሆኑ ነው።

ያኔ ማርጆሪ ቴይለር ግሪን ፖለቲከኛ አልነበረችም። ጆርጂያ ውስጥ ቤተሰቧ የግንባታ ድርጅት ነበረው፣ እሷ ደግሞ የስፖርት ጂም ትሠራ ነበር። በ2017 በቪዲዮ ወጥታ ኪውን አገር ወዳድ ብላ አወደሰችው። ሰይጣን አምላኪዎቹን ለማውጣት በዕድሜ አንዴ የሚገኝ ዕድል ነው አለች። በ2018 የካሊፎርኒያ ደን ሲቃጠል እሳቱ ከጠፈር በተላከ ጨረር ተነስቶ ይሆናል ብላ ጻፈች፤ ነገሩን ሮትሺልድ ከሚባለው የአይሁድ ባለባንክ ቤተሰብ ጋርም አያያዘችው። ይሄኛው አውሮፓ ውስጥ ዘመናት ያስቆጠረ አይሁድን የመወንጀል ወሬ ነው፤ ጨረሩ ብቻ አዲስ ነው።

እንዲህ ሆና ኖቬምበር 2020 ላይ ተመረጠች። የተወዳደረችው በጆርጂያ 14ኛ ወረዳ ነው፣ ሰሜን ምዕራቡ ገጠር፣ ምንጣፍ የሚሠራባት ዳልተን ያለችበት።

ገና አንድ ወር ሳይሞላት የድሮ ጽሑፎቿ ተቆፍረው ወጡ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2021 ምክር ቤቱ 230 ለ199 በሆነ ድምፅ ከኮሚቴዎች አባረራት። ከራሷ ፓርቲ 11 ሰዎች ከተቃዋሚዎቿ ጋር ቆሙ። ከድምፁ በፊት ቆማ ስትናገር፣ እውነት ያልሆኑ ነገሮችን እንዳምን ተፈቅዶልኝ ነበር አለች። ልብ በሉ፤ «አመንኩ» አይደለም፣ «ተፈቅዶልኝ ነበር»። ጥፋቱ የፈቀደው ሰው ሆነ ማለት ነው። እኔ ያን ንግግር ዞር ብዬ ሳየው ሴትየዋን ከየትኛውም ትንታኔ በላይ የሚገልጻት ይመስለኛል።

ቅጣቱ ግን አልጎዳትም። እንዲያውም ስሟ ገነነ፣ የገንዘብ መዋጮ ጎረፈላት። በ2023 ፓርቲዋ ምክር ቤቱን ሲይዝ ኮሚቴዎቿ ተመለሱላት። ኦክቶበር 2024 ላይ አውሎ ነፋስ ደቡቡን ሲያጠፋ «እነሱ» አየሩን መቆጣጠር ይችላሉ ብላ ጻፈች። «እነሱ» እነማን እንደሆኑ አልተናገረችም። በዚህ ዓይነት ወሬ ውስጥ «እነሱ» ስም አይኖራቸውም።

እውነት የነበረው ክፍል

ጠቡ የተነሳው ግን ከጨረርም ከአየርም አይደለም። ከሁሉም ወሬ ውስጥ መሬት ላይ ማስረጃ ካለው አንዱ ነው፤ ከጄፍሪ ኤፕስቲን።

ባለሀብቱ ኤፕስቲን እውነተኛ ወንጀለኛ ነው። 2008 ላይ ፍሎሪዳ ውስጥ ጥፋቱን አምኖ 18 ወር ተፈረደበት። 13 ወር ገደማ ታስሮ ወጣ፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ቀን ቀን ቢሮው እየዋለ። ጁላይ 2019 ላይ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጃገረዶችን ለወሲብ በማዘዋወር እንደገና ተያዘ። ኦገስት 10 ኒውዮርክ እስር ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ረዳቱ ጊሌን ማክስዌል በ2022 የ20 ዓመት እስር ተፈረደባት። የሰውዬው ወዳጆች ፕሬዚዳንቶች፣ ልዑላንና ቢሊየነሮች ነበሩ። ስለዚህ «አንድ ነገር ተደብቋል» ያለ ሰው ሁሉ እብድ አይደለም። ቡና ላይ ይህን ስናወራ እትዬ ረከቦቱን እያስተካከለች «የልጅ ነገር ሲሆን ማን ዝም ይላል?» አለች። ልጁም አንገቱን ነቀነቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ መምህሩም ከሱ ጋር ተስማሙ።

የትራምፕ ሰዎች በምርጫው ዘመን ይህን እሳት ሲያራግቡ ከረሙ። የኤፕስቲን የምርመራ ፋይል ይወጣል ተባለ። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ፓም ቦንዲ ፎክስ ቴሌቪዥን ላይ ስለ ኤፕስቲን ደንበኞች ዝርዝር ስትጠየቅ፣ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው አለች። በዚያው ወር መጨረሻ ዋይት ሀውስ የተጠሩ የማኅበራዊ ሚዲያ ሰዎች ነጭ ማኅደር ተሸክመው፣ ፎቶ እየተነሱ ወጡ። ሲከፈት አብዛኛው ዱሮ የወጣ ወረቀት ነው። ጁላይ ላይ ደግሞ ፍትሕ ሚኒስቴሩና ኤፍቢአይ አንዲት ወረቀት አወጡ። የደንበኞች ዝርዝር የሚባል የለም፣ ሰውዬው የሞተው ራሱን ገድሎ ነው፣ ከዚህ በላይ የሚወጣ ነገር የለም አሉ።

መምህሩ ይህን በእድር አስረዱት። አንድ ሰው «ያለፈው ገንዘብ ያዥ ብር በልቷል፣ ምረጡኝና መዝገቡን እከፍታለሁ» ብሎ ይመረጣል። ቁልፉን ከተረከበ በኋላ «መዝገብ የሚባል ነገር የለም፣ እስካሁን ስለ መዝገብ ታወራላችሁ እንዴ?» ይላል። አባሉ ምን ይላል? አብዛኛው ያጉረመርምና ዝም ይላል፤ ሰውየውን ወዶታልና። አንዷ ግን ተነስታ «መዝገቡን አምጣ» ትላለች።

ትራምፕ በትክክል እንዲህ ነው ያለው። ጁላይ ላይ ጋዜጠኛ ሲጠይቅ፣ አሁንም ስለዚህ ሰውዬ ታወራላችሁ እንዴ ብሎ ተበሳጨ። ከሳምንት በኋላ ነገሩን ሁሉ የዴሞክራቶች ማጭበርበሪያ ብሎ ጠራው። ይህን ያመኑ ደጋፊዎቹንም ደካሞች አላቸው፣ «የቀድሞ ደጋፊዎቼ» ብሎም ጻፈ። ለዓመታት ወሬውን የጋቱት የራሱ ሰዎች ናቸው፤ ያመነው ሕዝብ ግን ደካማ ተባለ።

218ኛው ፊርማ

በኮንግረስ አንድ መላ አለ። አፈ ጉባኤው አንድን ረቂቅ ማቅረብ ባይፈልግ እንኳ 218 አባላት ከፈረሙ ረቂቁ ለድምፅ ይወጣል። ሪፐብሊካኑ ቶማስ ማሲና ዴሞክራቱ ሮ ካና የኤፕስቲንን ፋይሎች የሚያስወጣ ረቂቅ ይዘው ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። ዴሞክራቶቹ ሁሉ ፈረሙ። ከሪፐብሊካኖቹ የፈረሙት አራት ብቻ ናቸው፦ ማሲ፣ ግሪን፣ ሎረን ቦበርትና ናንሲ ሜስ።

ሴፕቴምበር 3 ላይ ግሪን የኤፕስቲን ተጠቂ ከነበሩ ሴቶች ጋር ካፒቶል ፊት ለፊት ቆመች። ሴቶቹ ስም መጥራት ይፈራሉ፤ የክስ ናዳ ይወርድባቸዋል። የኮንግረስ አባል ግን ምክር ቤቱ ውስጥ በተናገረው አይከሰስም። ስለዚህ ስሞቹን ስጡኝ፣ ገብቼ አነብላችኋለሁ አለቻቸው። እኔ በሴትየዋ አምስት ዓመት ውስጥ ከዚህች ንግግር የተሻለ ያደረገችውን አላየሁም። ያለመከሰስ መብቷን እስከዚያን ቀን ለሌላ ነገር ስትጠቀምበት ነበር።

ትራምፕ እንደነገረችው ደውሎ ጮኸባት። ወዳጆቼ ይጎዳሉ አለኝ ስትል በኋላ ለጋዜጠኛ ተናግራለች።

ሌላም ሌላም ተጨመረ። ጁን ላይ አሜሪካ ኢራንን ስትደበድብ ተቃወመች። ጁላይ ላይ ጋዛ የሚሆነውን የዘር ማጥፋት ብላ ጠራችው፤ ከምክር ቤቱ ሪፐብሊካኖች እንዲህ ስትል የመጀመሪያዋ ናት። ኦክቶበር 1 ላይ መንግሥት ሥራ ሲያቆም፣ የጤና መድን ድጎማው ከቀረ የራሷ ልጆች የሚከፍሉት እጥፍ እንደሚሆን ተናግራ ፓርቲዋ ዕቅድ የለውም አለች። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ በጥይት የተገደለው የትራምፕ ደጋፊ የቻርሊ ከርክ መታሰቢያ ነበር። ባልቴቷ የባሏን ገዳይ ይቅር አልኩ አለች፤ ቀጥሎ የተናገረው ትራምፕ ግን ተቃዋሚዎቼን እጠላለሁ፣ መልካም አልመኝላቸውም አለ። ያ ልዩነት ልቤን ነካው ብላለች ግሪን። እውነት ይሁን አይሁን የልቧን እግዜር ይወቅ።

ኖቬምበር 12 ላይ አዲሷ የአሪዞና ተመራጭ አዴሊታ ግሪሃልቫ ቃለ መሐላ ፈጽማ፣ እዚያው 218ኛዋ ሆና ፈረመች። የዚያን ቀን ቦበርትን ዋይት ሀውስ ጠርተው ፊርማዋን እንድታነሳ ለመኗት። አላነሳችም። ከሁለት ቀን በኋላ ትራምፕ ዱላውን ያሳረፈው ግን ግሪን ላይ ነው።

እዚህ ላይ ልጁ «ለምን እሷ ላይ ብቻ?» አለ። የኔ ግምት እንዲህ ነው። ማሲ ከዱሮም አፈንጋጭ ነው፤ ትራምፕ ሲሰድበው ኖሯል። ግሪን ግን የቤት ልጅ ነች። ተከታዮቹ ድምጿን ያውቁታል፣ በነሱ ቋንቋ ታወራለች። «ቃል የገባህልን የት አለ?» ብላ ከውስጥ የምትጠይቅ ሰው ከደጅ ጠላት ትከብዳለች።

ስድቡ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ዛቻ ጎረፈ። ቤቷ ያላዘዘችው ፒዛ ይመጣ ጀመር፤ አድራሻሽን እናውቃለን ማለት ነው። የቤተሰቧ ድርጅት ላይ የቦምብ ዛቻ ደረሰ አለች። ፒዛው ሌላ ነገር ያስታውሰኛል። ከኪው በፊት በ2016፣ ዋሽንግተን አንድ ፒዛ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ሕፃናት ታስረዋል የሚል ወሬ ነበር። ያመነው አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ ሊያስፈታቸው ገባ፣ ተኮሰም። ፒዛ ቤቱ ምድር ቤት የለውም። ግሪን ያደገችው ከዚህ ወሬ ልጆች ጋር ነው፤ አሁን ደጇ ላይ ፒዛ ይዘው ቆሙ።

ኖቬምበር 16 ሲኤንኤን ላይ ወጥታ፣ በመርዘኛው ፖለቲካ ውስጥ በመሳተፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለች። ጋዜጠኛዋ ዛሬ እሷ ላይ የደረሰው ትናንት በሌሎች ላይ ሲደርስ የት ነበረች የሚል ጥያቄ ጠይቃት ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው።

በዚያው ምሽት ትራምፕ ዞረ። የምንደብቀው የለም፣ ሪፐብሊካኖች ደግፉት አለ። ሽንፈቱ ሲገባው መሆኑ ነው። ኖቬምበር 18 ምክር ቤቱ 427 ለ1 አጸደቀው፣ ሴኔቱ ያለ ድምፅ አሳለፈው፣ በማግስቱ ትራምፕ ፈረመ። ግሪን የጠየቀችው ሁሉ ሆነ። እሷ ግን ኖቬምበር 21 በቃኝ አለች። የመልቀቂያ ቪዲዮዋ ላይ፣ እየተደበደበች ነገ ይሻላል ብላ የምትጠብቅ ሚስት አልሆንም አለች። ወረዳዬ ፕሬዚዳንቱ ራሱ የሚያስነሳብኝን የውስጥ ምርጫ ጠብ እንዲያይ አልፈልግም፣ ለዚያውም በኋላ ከመከሰስ እንዳድነው ይጠበቅብኛል ስትልም ጨመረች። ትራምፕ ለአገሪቱ ታላቅ ዜና ነው አለ።

እንግዲህ ማን ከዳ?

የትራምፕ ወገን መልስ አለው። ሴትየዋ ሴኔት ልትወዳደር ፈልጋ ነበር፣ እንደማታሸንፍ የሚያሳይ የሕዝብ አስተያየት ውጤት ስልክላት ጊዜ ተናደደች ይላል ትራምፕ። ቂም ነው ማለቱ ነው። እሷ አይደለም ትላለች። በሴኔቱ እንደማትወዳደር ያሳወቀችው በሜይ ስለሆነ ጊዜው ይገጥማል። መልቀቂያዋ የጸናው ጃንዋሪ 5 ቀን 2026 መሆኑም ብዙ ሰው አስቆጥሯል፤ የኮንግረስ ጡረታ የሚገባው አምስት ዓመት ላገለገለ ነው፣ እሷ የገባችው ጃንዋሪ 3 ቀን 2021 ነው። እትዬ ይህን ስትሰማ «ብልህ ነች» ከማለት በቀር ምንም አልጨመረችም።

ቂሙም ጡረታውም ሊኖር ይችላል። ግን ዋናውን ነገር የሚያስረዳ አይመስለኝም። ሰው ሁሉ ግሪን ነቃች፣ ከሴራው ወሬ ወጣች ይላል። አልወጣችም። እዚያው ጁላይ 2025 ላይ፣ ስለ ፋይሉ ስትጮህ፣ አየርን መቀየር የሚከለክል የሕግ ረቂቅ አቅርባለች። በቴሌቪዥን ይቅርታ የጠየቀችው ስለ አነጋገሯ ነው፤ ስለ ጨረሩም፣ ተሰርቋል ስለተባለው የ2020 ምርጫም አንድ በአንድ አላነሳችም። ስደተኛንም አልወደደች፤ ባለሙያዎች አሜሪካ የሚገቡበት ኤች ዋን ቢ ቪዛ እንዲቀር የምትፈልግ ነች። የአትላንታዋ ልጅ አንድም ጉዳይ በሴትየዋ ወገን የለም።

የሆነው ተቃራኒው ነው። ግሪን እስከ መጨረሻው ማመኗን ቀጠለች። ሕፃናትን የሚያጠቁ ሀብታሞች ይጋለጣሉ የተባለውን እንደ መፈክር ሳይሆን እንደ ቃል ኪዳን ወሰደችው። የቀረው ጎራ ግን ታሪኩን የሚፈልገው ሰውዬውን እስካገለገለ ድረስ ነበር። ታሪኩና ሰውዬው ሲለያዩ ሁሉም መምረጥ ነበረበት። አብዛኛው ሰውዬውን መረጠ። እሷ ታሪኩን መረጠች። ለልጁ የነገርኩት ይህንን ነው፤ እሷ አልካደችም፣ ማመኗን ግን እንደ ጽድቅ አትቁጠርላት አልኩት። አንድ ወሬ እውነት ሆኖ መገኘቱ ሌሎቹን አያጸድቃቸውም።

እሱ ግን አልተዋጠለትም። ዲሴምበር 19 ላይ ሕጉ የሰጠው 30 ቀን አልቆ የመጀመሪያው የፋይል ክምር ወጣ። ብዙው ገጽ በጥቁር ተሸፍኗል። የተጠቂዎችን ማንነት ለመጠበቅ ነው ተባለ፤ ሕጉም ይህን ይፈቅዳል። ልጁ ከነዚያ ገጾች አንዱን ስልኩ ላይ አጉልቶ መምህሩ ፊት ዘረጋው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው።

«ይኸው ጋሼ፣ ዋናው እዚህ ውስጥ ነው» አላቸው።

«ምን እንዳለበት በምን አወቅህ?»

«ባይኖርበት ለምን ያጠቁሩታል?»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁና ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ሦስተኛው ስኒ እስኪቀዳ ድረስ የተጠቂ ልጆችን ስም መደበቅና የባለጌን ስም መደበቅ ምን እንደሚያለያቸው ሲከራከሩ ቆዩ። ልጁ የመጀመሪያውን ተቀበለ። ሁለተኛውን ግን ማን እያጣራ ነው አለ፣ እዚህ ላይ መምህሩም መልስ አልነበራቸውም።